ከድሬ ባሌና ሐዋሳ በራስ መኪና፦ በ10 ቀን ምኑን ይዘን ምኑን እንተው?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ለገና ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቼን (6 እና 11 ዓመታቸው ነው) እና ሐረር ያለችውን እናቴን ይዤ በራሳችን መኪና ለመዞር አስቤያለሁ። መኪናዋ አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። 10 ቀን አለን። አዋሽ ፓርክ፣ ባሌ ተራሮች፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ፣ አርባ ምንጭ፣ ስንመለስ ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ብለናል። ታኅሣሥ 18 ብንነሳ ይሆናል? መኪናዋስ ትችለዋለች? እናቴ ደም ግፊት አለባት።»

ወንድሜ፣ ጉዞው ይቻላል። በዚህ ዝርዝር ግን አይቻልም። አርባ ምንጭንና አዲስ አበባን አውጣቸው፣ የምትነሳበትንም ቀን ቀይረው። የቀረው ቆንጆ ጉዞ ነው። እኔ ከድሬ እየተነሳሁ እንግዳ ይዤ መዞር ሥራዬ ስለሆነ መስመሩን ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ፣ ከነምክንያቱ ልንገርህ።

መጀመሪያ ቀኑ። ታኅሣሥ 18 የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ ነው። የድሬ ሰው ይህን አያጣውም፣ ግን እቅድ ሲወጣ ይረሳል። በእነዚያ ቀናት ከደንገጎ እስከ ቁልቢ ያለው መንገድ የምእመናን ነው። በእግሩ የሚሄደው፣ አውቶቡሱ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የቤት መኪና ሁሉ እዚያ ይከማቻል። በዓሉ ሲያልቅ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ ያውም ባንተው አቅጣጫ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሹፌር እየነዳው። 21 ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብትነሳ መንገዱ ተንፍሶ ታገኘዋለህ።

ሁለተኛው ነገር አቆጣጠሩ ነው። ሰው ጉዞ ሲያቅድ ኪሎ ሜትር ደምሮ ለቀን ያካፍላል። በዚህ መስመር ይህ ሂሳብ ያሳስታል። መቁጠር ያለብህ ከፍታንና የቀን ብርሃንን ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ደንገጎ ስትወጣ 2,000ን አልፈሃል። አዋሽ ሰባት ስትደርስ ከ1,000 በታች ወርደሃል። አሰላ 2,400 አካባቢ ነው፣ ጎባ 2,700፣ የባሌው ሳነቴ 4,000። ይህ መውጣትና መውረድ ነው ፍሬንህን የሚበላው፣ እናትህን የሚያደክመው፣ ልጆቹን የሚያስመልሳቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማደሪያህ የምትደርስበት ይሁን። እንዲህ ስታሰላው 10 ቀን የሚበቃው ለአዋሽ፣ ለባሌ፣ ለሐዋሳና ለላንጋኖ ብቻ ነው።

አርባ ምንጭን አውጣ ያልኩህ ቦታው ስላልረባ አይደለም። ጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ አዞ ማየት ልጆች ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱት ነገር ነው። ግን ከሐዋሳ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ይበላብሃል፣ ደርሰህ ለማየት ደግሞ ሌላ ቀን ያስፈልግሃል። ነጭ ሳር ውስጥ ገብተህ የሜዳ አህያ ልይ ካልክም በኮሮላ አትገባም። ለብቻው ሌላ ጊዜ ሂድበት። አዲስ አበባ ደግሞ በባቡርም በአውሮፕላንም ትሄዳለህ፣ ለአንድ ሌሊት ብለህ በገና ሰሞን እዚያ ትራፊክ ውስጥ አትግባ።

አሁን መንገዱ። በመጀመሪያው ቀን አዋሽ እደሩ፣ አዳማ እገባለሁ ብለህ አትንዳ። ከደንገጎ በቁልቢ፣ በጨለንቆና በሂርና እስከ ጭሮ ድረስ መንገዱ ተራራ ለተራራ ነው። ጠዋት ጉም አለ፣ ኩርባው አያልቅም፣ ጫት ጭነው የሚበሩ አይሱዙዎች ደግሞ ኩርባ ላይ ያንተን ረድፍ ይዘው ይመጣሉ። ከፊትህ ቀርፋፋ ተሳቢ ካለ ተከተለው፣ ለመቅደም አትቸኩል። ጨለንቆ ላይ ቆም ብላችሁ ሻይ ጠጡ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉት እዚህ ነው። እናትህ የሐረር ሰው ናት፣ ለልጆቹ እሷ ብታወራላቸው ከእኔ ይሻላል።

ከጭሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ስትወርድ ሙቀቱ ይቀበልሃል። መንገዱ ቀጥ ስለሚል እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል። ተጠንቀቅ፣ ይህ የግመል አገር ነው። ግመል እንደ በግ ደንግጣ አትሸሽም፣ መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ታይሃለች። የኮሮላ አፍንጫ እግሯን ሲመታ ሬሳው መስታወቱ ላይ ነው የሚወድቀው። በተለይ ከ11 ሰዓት በኋላ ከብቱ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ እዚያ መንገድ ላይ መገኘት የለብህም።

አዋሽ በጊዜ ከደረስክ ዕቃህን አስቀምጥና ወደ ፓርኩ ፏፏቴ ሂድ፣ ካልሆነም በማግስቱ ጠዋት። መንገዱ በበጋ ደረቅ ጠጠር ስለሆነ ቀስ ካልክ ኮሮላ ትሄዳለች። ሰሜን በኩል ወዳለው ፍልውሃ ግን በከፍተኛ መኪና ካልሆነ አትሞክር። የአዋሽ ፓርክ ጌጥ ሳላ ነው፣ ያ ቀንዱ ረጅምና ቀጥ ያለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ሜዳው ላይ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ይገባል። ከወንዙ ዳር ልጆቹን አርቃቸው፣ አዞ አለ። ሌላም ነገር አለ፦ በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነስቷል። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት የፓርኩ ሁኔታ እንዴት እንደሆነ አዋሽ ያለ ሰው ጠይቅ።

ከፓርኩ ወጥተህ መተሐራ ጋ መንገዱ በሰቃ ሐይቅ መሀል ይወስድሃል። ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሐይቅ ነው፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው እየሰፋ አስፋልቱንም የድሮውን ሐዲድም ከፍ ከፍ አስደርጓቸዋል። በሁለቱም በኩል ያለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለትልቁ ልጅህ አሳየው። ግን ቆሞ ፎቶ ለመነሳት ሰፊ ዳር ጠብቅ፣ ምክንያቱም ከአዋሽ ጀምሮ የጅቡቲ ቦቴና ተሳቢ ከአፋር በኩል መጥቶ ካንተ ጋር ይቀላቀላል። እስከ አዳማ ያለው ክፍል ከጉዞው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ነው።

አዳማ ምሳ በልታችሁ በአሰላ መንገድ ታጠፉ። ብዙ ሰው ባሌ የሚሄደው በሻሸመኔ ነው። እኔ በአሰላ ሂዱና በሻሸመኔ ተመለሱ እላለሁ። አንደኛ፣ ሄዳችሁ የመጣችሁበትን አትደግሙም። ሁለተኛውና ዋናው፣ አዳማና አሰላ መሀል 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን ሌሊት አሰላ ታድራላችሁ፣ ሰውነታችሁም በ2,400 ሜትር አየር አንድ ሌሊት ይለማመዳል። ከአዋሽ ሙቀት ተነስቶ በአንድ ቀን ጎባ መግባት ለእናትህ ጥሩ አይደለም፣ ላንተም ቢሆን።

ሦስተኛው ቀን ለዓይን የሚመች ቀን ነው። ከአሰላ በቆጂ፣ ከበቆጂ አሳሳና ዶዶላ፣ ሁሉም አስፋልት፣ ግራ ቀኙ ስንዴና ገብስ። በቆጂ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ናት፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። ጠዋት ካለፍክ ልምምድ የሚሮጡ ልጆች ታያለህ። ዶዶላን፣ አዳባን አልፈህ ዲንሾ ልትገባ ስትል ጋይሳይ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ፍጥነትህን ቀንስ። የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ሲግጥ ታያለህ፣ ከአስፋልቱ ሳትወርድ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የትም የለም። ለእናትህ «ያ የ10 ሳንቲሙ» በላት፣ ወዲያው ታውቀዋለች።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። መግቢያውን እዚያ ክፈልና ለማግስቱም አስጎብኚ ያዝ፣ ደረሰኙንም አትጣለው፣ ሳነቴ ላይም ያስፈልግሃል። ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው ጫካ በእርጋታ የሚኬድበት የእግር መንገድ አለ፣ ድኩላና ከርከሮ እዚያው ይዞራሉ። ማደሪያ ግን ዲንሾ አትያዝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ለድሬ ሰው ከባድ ነው። ሮቤ ወይም ጎባ ውረድ። ሁለቱ 14 ኪሎ ሜትር ነው የሚራራቁት፣ ሮቤ ዝቅ ስለሚል ለእናትህ ሮቤን እመርጣለሁ። ሦስት ሌሊት ያዙ።

አሁን ሳነቴ። የጉዞው እምብርት ይህ ነው፣ ለዚህ ስል ነው ሌላውን ሁሉ ያስወጣሁህ። ከጎባ በኋላ አስፋልት የለም፣ ሽቅብ የሚወጣ ጠጠር ነው። አምስት ሰው የጫነች ኮሮላ ሆዷ ድንጋይ ይነካል። ስለዚህ ኮሮላዋን ሆቴል አቁማትና ለአንድ ቀን ከጎባ ወይም ከሮቤ ከፍ ያለ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይ። ወጪ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በሰው መኪና ቁጭ ብለህ አንተም ዙሪያህን ታያለህ፣ ሲነዱ እኮ መንገዱን እንጂ አገሩን አያዩም።

ከጎባ ስትነሳ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ነው፣ ከዚያ አስታ ይመጣል፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቃል። አምባው ላይ ስትወጣ ግራጫ ሣር፣ ትንንሽ ኩሬዎች፣ ከሰው በላይ የቆመ ጅብራ። በዚያ ዝርግ መሬት ላይ ዓይንህን ዝቅ አድርገህ ፈልግ። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ነው የሚያድነው። ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ፣ ሆዱን መሬት አስጠግቶ፣ አንድ እግር አንስቶ ይቆማል፤ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አንገቱን እስኪያወጣ ድረስ አይነቃነቅም። ከዚያ ዘሎ ይደፋበታል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 በታች ናቸው፣ ግማሹ ያህል ባሌ ነው ያለው። ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል። ምግብ አትወርውርላቸው፣ ሹፌሩንም በአምባው ላይ ቀስ እንዲል ንገረው፣ መንገዱን ያቋርጣሉ። ፓርኩ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ከሌሎች ብርቅዬዎች ጋር ይህ ቀበሮ ነው የመዝገቡ ራስ።

ቱሉ ዲምቱ፣ የባሌው ከፍተኛ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ነው፣ መኪና እላዩ ድረስ ይወጣል። እዚያ አየሩ የሚሰጥህ ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ስድስት አስረኛ ያህል ነው። ለልጆቹ የታሸገ ቺፕስ ከድሬ ያዝላቸው፣ ላስቲኩ ተነፍቶ ኳስ ሲሆን ያዩታል፣ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ይገባቸዋል። ግን ጫፉ ላይ አትሩጡ፣ አትቆዩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝ የጀመረው ሰው ካለ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ መውረድ። በሐረና በኩል ወደ ሪራ ብትወርዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌላ ዓለም ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ የጫካ ቡና፣ የሐረና ማር። እዚያ ቡና ጠጥታችሁ በጊዜ ተመለሱ።

እናትህን በተመለከተ ቀጥታ ልንገርህ። ሐኪሟን ሳታማክር 4,000 ሜትር አታውጣት። «ትንሽ ደም ግፊት ነው» ከማለት ይልቅ የሚወስነው ሐኪሟ የሚለው ነው፣ ስትጠይቀው ቁጥሩን ንገረው፣ 4,000 ሜትር ብለህ። አትውጣ ካለ ምንም አይቀርባትም። አጋዘኑን ጋይሳይ ላይ አይታለች፣ የሳነቴ ቀን ሮቤ ላይ ከባለቤትህ ጋር ወይም ከአንዱ ልጅ ጋር ታርፋለች። መድኃኒቷን በእጅ ቦርሳ እንጂ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አታድርጉት፣ ለ10 ቀን ሳይሆን ለ15 ቀን የሚበቃ ያዙላት።

ልብስ ላይ የድሬ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ወፍራም ካልሲ፣ ለልጆቹ ጃኬት። ጋቢ ትርፍ አይደለም። የፀሐይ ክሬምም ያዙ፣ በዚያ ከፍታ ፊት ይላጣል።

ሶፍ ዑመር ዋሻን እንዳታነሳብኝ፣ ከሮቤ ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። አምስተኛውን ቀን ዕረፍት አድርጉት።

ከባሌ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በስድስተኛው ቀን በዶዶላ ሻሸመኔ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሁለት ሌሊት እዚያ። ከ4,000 ወርዶ 1,700 ላይ መተኛት ራሱ ዕረፍት ነው። ጠዋት በ1 ሰዓት አሞራ ገደል ሂዱ። የዓሣ ጀልባዎቹ ሲገቡ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፣ ቁመታቸው የትንሹን ልጅህን ያህላል፣ የዓሣ አንጀት ሲወረወር አየር ላይ ይቀልባሉ። የዓሣ ሾርባው እዚያው ይሸጣል። ጥሬውን በዳጣ የሚበላም ሞልቷል፣ ለልጆቹና ለእናትህ ግን የበሰለውን እዘዝላቸው። ዋና ካማራቸው ላንጋኖን ይጠብቁ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ ይመስላል፣ ግን ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ከድሮ ጀምሮ የሚዋኝበት እሱ ነው።

ወደ ላንጋኖ ስትሄዱ አብያታ ሻላ ፓርክ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ሆነው አይመሳሰሉም፦ ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፣ ውሃውም ከዓመት ዓመት እየሸሸ ነው፣ ወንዞቹ ለመስኖ፣ ራሱ ሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ስለሚወሰድ። ፍላሚንጎ ለማየት ብለህ መኪናህን ወደ ውሃው አትንዳ። ነጩ ቅርፊት ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ጎማ ከገባ ትራክተር ነው የሚያወጣው። አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ላንጋኖ የምታድሩት የገና ዋዜማ ስለሚሆን ክፍል አሁኑኑ ያዝ፣ በዚያን ቀን ግማሹ የአዲስ አበባ ሰው እዚያ ነው። በማግስቱ በባቱ በኩል የክፍያ መንገዱን ይዘህ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ። አሥረኛው ቀን ቤት።

ስለ ፀጥታ ሳልነግርህ አላልፍም። በዚህ መስመር ያሉ አንዳንድ ቦታዎች ሁኔታቸው ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል፣ ዛሬ የምነግርህ ታኅሣሥ ላይ ላይሠራ ይችላል። ሆቴል አትጠይቅ፣ ሆቴል «ሰላም ነው ና» ነው የሚልህ። መናኸሪያ ሄደህ ትናንት ከዚያ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ጠይቅ። እያንዳንዱ ጠዋት፣ ለእያንዳንዱ ቀን መንገድ። «ዛሬ አትሂድ» ካሉህ ቀኑን እዚያው አሳልፍ። አምስተኛው ቀን ባዶ የሆነው ለዚህም ነው።

ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙላ፣ ሩብ አትጠብቅ። የሚከፈለው በቴሌብር ስለሆነ በቂ ብር ይኑርበት፣ የባለቤትህም ስልክ ላይ ይኑር፣ የአንዱ ባትሪ ሲሞት ሌላው ይሠራል። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን አትግዛ፣ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ጎማ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ነፋሱን አስለካ። መተሐራ ላይ በሙቀት ሲነፋ አይተህ አታስተንፍስ፣ አሰላ ላይ ጎድሎ ታገኘዋለህ።

መኪናዋ ትችላለች። ኮሮላ ከሆነች ሞተሩ አያሳስበኝም፣ የሚያሳስበኝ ፍሬኑና ውሃው ነው። ድሬ ያለ ብዙ መኪና ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው ያለው። ባሌ ሌሊት በረዶ ሊሠራ ይችላል፣ ውሃ ሲረጋ ሞተር ይሰነጥቃል። አስጠርገህ ኩላንት አስሞላ፣ የራዲያተሩን ክዳን ጎማም አሳይ፣ ካረጀ ከፍታ ላይ ውሃው ቶሎ ይፈላል። የፍሬን ሸራ ግማሽ ከሆነ ቀይረው። ስኮርት ጎማ፣ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ ባንተው እጅ እየፈታህ ሞክረው። ሊብሬው፣ ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ቀኑ እንዳላለፈ እይ፣ ኬላ ላይ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው።

ይህን ሁሉ ደግሞ በዋዜማው አታሠራ። ከመነሳትህ ከአንድ ሳምንት በፊት አሠራና በዚያው ቀን እናትህን ለማምጣት ሐረር ሂድባት። ከድሬ እስከ ደንገጎ ወደ 1,000 ሜትር ትወጣለህ፣ ከዚህ የተሻለ ፈተና የትም የለም። ስትወጣ የሙቀት ጌጁን እይ፣ ከመሀል ከፍ ካለ ተመልሰህ ጋራዥ ግባ። ስትመለስ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ አትውረድ፣ ማርሹን ከዲ ወደ 2 አውርደህ ሞተሩ ይያዝህ። ድሬ ስትደርስ ቁም፣ ውረድና አራቱንም ጎማ አጠገብ አሽትት። የተቃጠለ ሸራ የሚሸት ጎማ ካለ ሳምንቱን ሙሉ ለማሠራት ጊዜ አለህ።